እናቴ ያቆየችው ባትሪ

አባቴ ሲሞት ለእናቴ ከተወላት ንብረት ትልቋ አረንጓዴዋ ፒክአፕ ነበረች። የገዛትም ከመንግሥት ሥራ በጡረታ ከወጣ በኋላ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የመሥሪያ ቤት መኪና ሲነዳ ኖሮ፣ የራሱን የያዘው በስተርጅና ነው። ከአምባሰል ገጠሮች እህልና ማር ጭኖ ወደ ሐይቅ ከተማ ይሄዳል፤ ሲመለስ ጨውና ሳሙና ይዞ ውጫሌ ይገባል። ለእስጢፋኖስ ክብረ በዓል ደግሞ የገዳሙን ዕቃ መኪና እስከሚገባበት ድረስ ያደርሳል፤ ከዚያ ወዲያ የሰው ትከሻ ነው። ሦስት ዓመት ሠራባትና በአንድ ክረምት ታሞ አረፈ።

መኪናዋ ውጫሌ እናቴ ግቢ ውስጥ፣ ከቆርቆሮ ጥላ ሥር ቆመች። ከቤታችን መንዳት የሚችል ሰው አልነበረም። እኔ ሐይቅ አስተማሪ ነኝ፤ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ቅዳሜ ሚኒባስ ተሳፍሬ እናቴን ልጠይቅ እሄዳለሁ። እናቴም መሪ ጨብጣ አታውቅም። ያኔ ስድሳ ዓመት አልፏታል፤ ትምህርቷም በመሠረተ ትምህርት ዘመን የቆጠረችው ፊደልና ቁጥር ብቻ ነው።

ከአባቴ ተዝካር በኋላ አንድ ገዢ ከደሴ መጣ። እኔም ነበርኩ። ሰውዬው መኪናዋን ዞር ዞር ብሎ አየ፣ ጎማዋን በጫማው ጫፍ መታ መታ አደረገና ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ምንም የለም። ደግሞ አዞረ። መብራቷ እንኳን ብልጭ አላለም። ሁለት ወር ቆማ ነበርና ባትሪዋ አልቋል።

ሰውዬው ወረደና እጁን አራገፈ። «እማማ፣ ይሄ እኮ መኪና አይደለም። ብረት ነው። ብረት ደግሞ በኪሎ ነው የሚሸጠው» አላት።

እናቴ እስከ በር ሸኘችው፤ ተመልሳ ገብታም መኪናዋ አጠገብ ብዙ ቆመች። እኔ ነገሩን ላቅልላት ብዬ «እማዬ፣ ሰውዬው የሰጠሽን ተቀብለሽ ብትሸጫት ምናለበት?» ብላት፣ ዞር ብላ አየችኝ።

«እሸጣታለሁ፤ ወይም አልሸጣትም። እሱን እኔ አውቃለሁ» አለች። «ሞታ ግን አትሸጥም። አባትሽ አርባ ዓመት መኪና ሲነዳ በመንገድ ላይ ገትሯት የገባ ቀን የለም። እሱ በሞተ በሁለት ወሩ ብረት አስብዬ አልቀመጥም።»

በማግስቱ ወደ መካኒኩ ሄደች። መካኒኩ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ጋራዥ ያለው፣ የአባቴ የድሮ ወዳጅ ነው። ባትሪውን አውጥቶ ወሰደና ቻርጅ አድርጎ መለሰላት። እናቴ ግን አመስግና ብቻ አልለቀቀችውም። ለምን እንደሞተ ጠየቀችው።

«እማማ፣ ባትሪ ማለት እንደ በሬ ነው» አላት። «ብዙ ሲሠራም ይደክማል፤ ሥራ ፈቶ ሲቆምም ይከሳል። ወላሂ፣ ቁልፉን ባይነኩትም መኪናዋ ውስጥ ሰዓቱም ሬዲዮኑም ጥቂት ጥቂት እየጠባ ነው የሚጨርሰው።»

«እንዳይጠባስ?»

«ማሳውን መፍታት ነው» አላትና ኮፈኑን ከፍቶ አሳያት። ማሳ የሚሉት ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ መኪናዋ ብረት የሚሄደውን ገመድ ነው። በአሥር ቁጥር መፍቻ ቁልፍ ላላ አድርጎ ነቀለው፤ መልሶ አሰረው፤ ከዚያ ቁልፉን ለእናቴ ሰጣትና «አሁን እርስዎ» አላት። እናቴ ነጠላዋን ወደ ኋላ አጣፍታ ጎንበስ አለች። ሦስት ጊዜ ፈታች፤ ሦስት ጊዜ አሰረች። ይህን የነገረኝ መካኒኩ ራሱ ነው። «ከኔ ዘንድ ከሠሩት ሁሉ እንደሳቸው የሚጠይቅ አላየሁም» አለኝ።

መጀመሪያ ሰሞን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ ስትመለስ ሞተሩን ታስነሳው ነበር። ማርሹ ዜሮ ላይ መሆኑን ታያለች፣ የእጅ ፍሬኑን ትስባለች፣ ቁልፉን ታዞራለች፤ አምስት ደቂቃ ያህል ነጠላዋን እንደለበሰች መሪው ፊት ቀጥ ብላ ትቀመጥና ታጠፋዋለች። ጎረቤቶች ሲያልፉ «እንዴት ነው፣ ደሴ ደረስሽ?» ይሏታል። እሷም ትስቃለች። ኋላ ግን መካኒኩ ሰምቶ መጣና ይህ እንደማይረባ ነገራት። ሞተር ማስነሳት ከባትሪው ብዙ ጉልበት ይወስዳል፤ በአምስት ደቂቃ ደግሞ የወሰደውን አይመልስም። ግማሽ ሰዓትና ከዚያ በላይ እንዳታሠራው ናፍጣ የለም፤ ያን ጊዜ ናፍጣ ለሚሠራ መኪና እንኳ በሰልፍ ነበር የሚገኘው።

መላውን ያገኘችው እሷ ናት። በጣራችን ላይ ለመብራት ያስገባናት ትንሽ ሶላር ነበረች። «ይቺ ስልክ ከሞላች ባትሪስ የማትሞላው ለምንድን ነው?» ብላ መካኒኩን ጠየቀችው። እሱም አሰበበትና ገመድ ዘረጋላት፤ ባትሪው ከመጠን በላይ እንዳይሞላ የሚቆጣጠር መዳፍ የምታክል ሳጥን መሐል አስገባ። በተጨማሪም ያረጀ ቴስተር ሰጣት። ሁለቱን ሽቦ በባትሪው ሁለት ፖል፣ ገመዶቹ በሚታሰሩባቸው ጉጦች ላይ ሲያደርጉት ቁጥር የሚያሳይ ነው። «አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት ካለ ጠግቧል። ከአሥራ ሁለት ነጥብ ሁለት እንዳይወርድብዎ» አላት።

ከዚያ ወዲህ በሚካኤል፣ በእስጢፋኖስና በመድኃኔ ዓለም፣ በወር ሦስት ቀን ትለካዋለች። ቁጥሩንም ግድግዳ ላይ በተሰቀለው ካላንደር፣ ከበዓሉ ስም ሥር በእርሳስ ትጽፈዋለች። ሌላ ቤት እንግዳ ገብቶ ካላንደር ቢያይ ያለው የጾምና የበዓል ቀን ነው፤ እኛ ቤት ግን ሚካኤል 12.6፣ እስጢፋኖስ 12.5፣ መድኃኔ ዓለም 12.6 ይላል። ፖሎቹ ላይ ነጭ አመድ የመሰለ ነገር ሲወጣ በሙቅ ውሃና በሶዳ ታጥበዋለች፤ አድርቃ ግሪስ ትቀባዋለች። ጎማዎቹ በአንድ ጎን እንዳይጎብጡ ብላም መኪናዋን ከመሬት አስነሥታ ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻት።

የኔ ድርሻ ውሃው ነበር። የባትሪ ውሃ ተጣርቶ የሚሸጥ ነው፤ የቧንቧ ውሃ አይሆንም። ውጫሌ የጠፋ ጊዜ ከሐይቅ ገዝቼ አመጣላታለሁ። አንድ ቀን ጠርሙሱን ጭኔ ላይ አድርጌ ሚኒባስ ውስጥ ተቀምጫለሁ፤ አጠገቤ የተቀመጡ እናት ጠርሙሱን አይተው አማተቡ።

«ከእስጢፋኖስ ነው ልጄ? ትንሽ እጄ ላይ ጣል አርጊልኝ፤ ጉልበቴን ልቀባው» አሉኝ።

«ኧረ እናቴ፣ ጠበል አይደለም። የባትሪ ውሃ ነው» ስል ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። «የማን ባትሪ?» አለ ረዳቱ። «የእናቴ» አልኩ፤ ሳቁ ባሰ። ፊቴ እንደ በርበሬ ቀላ። ደርሼ ጠርሙሱን ለእናቴ ስሰጣት ያለ ልክ ተቆጣሁ። «የማይሄድ መኪና ታቅፈሽ እኔን መሳቂያ አደረግሽኝ» አልኳት። እሷ ጠርሙሱን ወደ ብርሃን አንሥታ ጥራቱን አየችና «ተባረኪ፤ ይሄ ለመንፈቅ ይበቃል» አለች። እንዲያ መናገሬ አሁንም ይቆጨኛል።

እንዲህ ሆኖ ሦስት ዓመት አለፈ። በመሐሉ መብራት ለወራት የጠፋበትን፣ መንገድ የተዘጋበትን ጊዜም አየን። እናቴ ያን ሁሉ ወራት ካላንደሩ ላይ ቁጥሯን አላቋረጠችም።

ባለፈው ዓመት ለኅዳር ሚካኤል ውጫሌ ሄጄ እዚያው አደርኩ። በማግስቱ ጠዋት ቁርስ በልተን እጃችንን ስንታጠብ መካኒኩ እየሮጠ ግቢ ገባ። ትንፋሹ ተቆራርጧል።

«እማማ፣ ባትሪዎ ስንት ነው?»

«አሥራ ሁለት ነጥብ ስድስት» አለች እናቴ፣ እጇ ገና እርጥብ ነው። «ትናንት ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ለካሁት። ምነው?»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ከአምባሰል ላይኛው ቀበሌ አንዲት ወላድ በቃሬዛ ተሸክመው ጤና ጣቢያ አምጥተዋል። ሌሊቱን ሙሉ አምጣ ልጁ እምቢ ብሏል፤ ደም እየፈሰሳት ነው። አዋላጇ ሳይውል ሳያድር ደሴ ካልደረሰች ሁለቱም ያልቃሉ ብላለች። አምቡላንሱ ደግሞ በነዳጅ እጦት ሳምንታት ቆሞ ሰንብቷል። ነዳጁ ከትናንት በስቲያ ተገኘ፤ ባትሪው ግን ሞቷል። ዘመናዊ ስለሆነም በግፊያ አይነሣም። ከተማው ውስጥ ያሉት ሚኒባሶች የበዓሉን እንግዶች ይዘው ሄደዋል። የኛም ፒክአፕ ድንጋይ ላይ ናት፤ ናፍጣም የላትም። መካኒኩ ጋራዥ ውስጥ ባትሪዎች ነበሩ፤ ነገር ግን መብራት ከጠፋ አራተኛ ቀኑ ነውና አንዳቸውም አልሞሉም።

እናቴ እስኪጨርስ አልጠበቀችም። ኮፈኑን ከፍታ አሥር ቁጥር ቁልፏን ይዛለች። ማሳው እንደወትሮው የተፈታ ነው። የሶላሩን ሽቦ ነቀለች፣ ፖዘቲቩን ፈታች። «አንተ ቅደምና የሞተውን አውልቀህ ጠብቀን» አለችው መካኒኩን። «እኛ እናመጣዋለን።» እሱም ሮጠ።

ባትሪው ሃያ ኪሎ ሳይሆን አይቀርም። ሁለት የገመድ እጀታ አለው። እኔ በአንዱ ጎን፣ እሷ በሌላው ይዘን ወጣን። ከቤታችን ጤና ጣቢያው ሩቅ አይደለም፤ ዳገት ነው እንጂ። እጄ ወዲያው ተላጠ። እናቴ ግን ዓይኗን ከባትሪው ላይ ሳታነሣ «አታዘንብዪው፤ አሲድ አለው… ቀስ… ቀጥ አርጊው» እያለች ትሄዳለች። ሁለት ጎረምሶች አይተውን ሊቀበሉን መጡ። «አይ፣ እናንተ ትሮጣላችሁ፤ ሲሮጡ ያጋድላል» ብላ መለሰቻቸው። ሰው ከየበሩ ብቅ እያለ «ምንድን ነው?» ይላል። እኛ ግን ዳገቱን ቀጠልን።

ስንደርስ ግቢው በሰው ተሞልቷል። ወላዷ አምቡላንሱ ውስጥ ተኝታለች፤ አዋላጇ ግሉኮሱን ከፍ አድርጋ ይዛለች። ባሏ፣ ጋቢ የለበሰ ወጣት ገበሬ፣ የአምቡላንሱን በር በሁለት እጁ ይዞ ቆሟል። በሩን ከለቀቀው መኪናው ያለ እሱ የሚሄድበት ይመስል ነበር። ሹፌሩ ገና ከሌላ ወረዳ የተዛወረ ሰው ነው። ባትሪው ከየት እንደሚመጣ መካኒኩ ነግሮታል፤ ሲያየው ተስፋው ሲቆረጥ ፊቱ ላይ አየሁት።

«ይሄ ከዚያች ከቆመችው መኪና የወጣ ነው?» አለ። «ሦስት ዓመት የቆመ ባትሪ? እማማ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ይሄ መብራት እንኳ አያበራም።»

መካኒኩ ባትሪውን ተቀብሎ ቦታው ላይ አስቀመጠና ማሰሪያውን ሊያመጣ ወደ ዕቃ ሳጥኑ ዞረ። በዚህ ቅጽበት ሹፌሩ፣ ጊዜ ለማትረፍ ብሎ፣ የአምቡላንሱን ገመድ አንሥቶ ቅርብ ባገኘው ፖል ላይ ሊጭን ዘረጋ። እናቴ የእጁን አንጓ ቀጨም አደረገችው።

«እጅህን!» አለች። እንዲህ ያለ ድምፅ ከእናቴ አፍ ሰምቼ አላውቅም። «ያ የማሳው ፖል ነው! የያዝከው የፖዘቲቩን ገመድ ነው። የኛ ባትሪ ፖዘቲቩ በግራ ነው፤ የእናንተ በቀኝ ነው። አዙሩት!»

መካኒኩ ዞሮ አየና ደነገጠ። እውነቷን ነው፤ ፖዘቲቩ ፖል ላይ እናቴ የኔን የጥፍር ቀለም ቀብታበታለች፣ ቀይ ነጥብ። ገመዶቹ እንዲያ ተገላብጠው ቢታሰሩ የአምቡላንሱ ኤሌክትሪክ ተቃጥሎ ያን ቀን ማንም አያስነሣውም ነበር። ባትሪውን አዞሩት። መጀመሪያ ፖዘቲቩ፣ በመጨረሻ ማሳው ታሰረ። እናቴ እያንዳንዱን በጣቷ ነቅነቅ አድርጋ አየችና «አሁን አስነሣ» አለች።

ሹፌሩ ገብቶ ቁልፉን አዞረ። ሞተሩ በአንድ ጊዜ ተነሣ። ያለ ማንገራገር፣ ያለ ማቃሰት፣ ልክ ትናንት ሲሠራ እንደዋለ መኪና።

እልልታው ከጤና ጣቢያው ግቢ አልፎ መንገድ ላይ ተሰማ። ባልየው ዘሎ ገባ። እናቴ እልል አላለችም። በሹፌሩ መስኮት በኩል አንገቷን አስገብታ «ስማኝ ልጄ» አለችው፣ አሁን በለሰለሰ ድምፅ። «ደሴ እስክትደርስ ሞተሩን እንዳታጠፋ። ለምንም ነገር። እመቤቴ ትከተላችሁ።» ሹፌሩ «እሺ እማማ» አለ። አምቡላንሱ በሐይቅ መንገድ እየጮኸ ወረደ።

እኛ ባዶ እጃችንን ወደ ቤት ተመለስን። እናቴ ኮፈኑ የተከፈተ መኪናዋ አጠገብ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ተቀምጬ እጇን ያዝኩት፤ ጥቁር ግሪስ ነክቶታል። በነጠላዬ ጫፍ ጠረግኩላት።

ከሰዓት በኋላ ለመካኒኩ ተደወለለት። መጥቶ ከበሩ ላይ ነው የጮኸው፦ «አልሐምዱሊላህ! በኦፕሬሽን ወልዳለች። ሴት ልጅ። ሁለቱም ደኅና ናቸው!» እናቴ ተነሥታ ሦስት ጊዜ ወደ ምሥራቅ ሰገደች። ከዚያ ጥቂት ቆየችና «ሞተሩንስ አጥፍቶት ይሆን?» ብላ ጠየቀች። መካኒኩና እኔ እስኪያመን ሳቅን፤ እሷም ተከተለችን።

ባትሪው በሦስተኛው ቀን፣ ለአምቡላንሱ አዲስ ሲገዛለት ተመለሰ። ይዞት የመጣው ሹፌሩ ራሱ ነው። ቀጥ አድርጎ፣ እንደ ሕፃን ታቅፎ ገባ። ፖሎቹን አጥቦ ግሪስ ቀብቷቸዋል። ባርኔጣውን አውልቆ «እማማ፣ ያን ቀን ያልኩትን ይርሱልኝ» አላት። «ምን አልክ?» አለችው እናቴ፤ እውነት የረሳች መስላ፤ እንዳልረሳች እኔ አውቃለሁ።

ከጥምቀት በኋላ ደግሞ ያ ገበሬ ከላይኛው ቀበሌ ወረደ። አንድ ቅል ማር ይዟል። ሚስቱ ልጇን አዝላ አብራው ናት። ምሳ በልተው ሲጨርሱ ሰውዬው ተሽኮርምሞ «ያቺን ባትሪ ማየት ይቻላል?» አለ። እናቴ መኪናዋ ድረስ ወሰደቻቸውና ኮፈኑን ከፈተችላቸው። ሰውዬው አማትቦ፣ እንደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሊስመው ጎንበስ ሲል እናቴ ጋቢውን ይዛ ወደ ኋላ ሳበችው። «ኧረ የኔ ጌታ፣ አሲድ ነው! ከንፈርህን ይበላሃል። ልጅህን ሳማት» አለችው። እሱም ዞሮ በሚስቱ ጀርባ ላይ የተኛችውን ልጅ ግንባር ሳመ።

ወሬው ከውጫሌ አልፎ ሐይቅ ደረሰ። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ አንዱ ባልደረባዬ «አንዲት ባልቴት በባትሪ ወላድ አዳኑ ይባላል፤ እውነት ነው?» ብሎ ሲጠይቅ «እናቴ ናት» አልኩ። ፊቴ ቀላ፤ በዚህ ጊዜ ግን ከደስታ ነበር። ሁሉንም ከመጀመሪያው ጀምሬ ተረኩላቸው፤ ደወል ተደውሎ እንኳ አልተነሡም።

ከጥቂት ወራት በኋላ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሰው ላከባት። አምቡላንሱን፣ የጀነሬተሩን ባትሪና የክትባት ሞተር ብስክሌቶቹን የሚይዙ ስድስት ሠራተኞች አሉና እንዴት እንደምትንከባከብ ታሳያቸው ዘንድ ነው። «እኔ ምን ተምሬ ነው የማስተምረው?» አለች መጀመሪያ። በቀጠሮው ቀን ግን የበዓል ቀሚሷን ለብሳ፣ ቴስተሯንና ቁልፏን በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ሄደች። እኔም ፈቃድ ጠይቄ መጣሁና ከኋላ ቆምኩ።

አሥራ አምስት ዓመት አስተምሬያለሁ። እንዲያ ያለ ጸጥታ ያየሁበት ክፍል የለም። ስድስቱ ሰዎች የጀነሬተሩን ባትሪ ከበው ቆመዋል። እናቴ ማሳውን ፈታች፣ አሰረች፤ ከዚያ ቁልፉን ለእያንዳንዳቸው እየሰጠች ፈቱ፣ አሰሩ። ቁጥሩን ለክተው ጮክ ብለው አነበቡ፤ አሥራ አንድ ነጥብ ዘጠኝ ነበር። እናቴ ፊቷ ጠቆረ።

«ይሄ ርቦታል» አለች። «ከተለካ ስንት ቀን ሆነው?»

አንዱ ቴስተሩን እንደገና አስጠጋ፤ ቁጥሩ ያው ነው።

«ያለፈው አለፈ» አለች፤ አንድ በአንድ እያየቻቸው። «ዛሬ ይሞላል። ነገ ማን ነው የሚያየው?»

እርስ በርስ ተያዩ። እናቴ አልቸኮለችም፤ እጇን በነጠላዋ ላይ አጣምራ ጠበቀች። በመጨረሻ ያ የአምቡላንሱ ሹፌር እጁን አነሣ።